የጠፍጣፋ ጣሪያ የሬንጅ ሜምብሬን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እዚህ የተሰበሰቡት የኮንክሪት ሶሌታ ጣሪያ ያላቸው ሰዎችና ሥራውን የሚከታተሉ ፎርማኖች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሶቹ በአብዛኛው በጋዝ ቶርች እየቀለጠ ስለሚለጠፈው ጥቅል ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃ እንዳያሳልፍ ጣሪያው ላይ ስለሚነጠፈው የሬንጅ ንጣፍ ነው። በርሜል ውስጥ ስለሚቀልጠው ሬንጅ ወደ መጨረሻው አካባቢ ያገኛሉ።

ሜምብሬን ለብሶ እያለ ጣሪያው ለምን ያፈሳል?

ሜምብሬኑ መሃል ለመሃል ተቀዶ የሚያፈስ ጣሪያ እምብዛም አይገኝም። ውሃው የሚገባው ከፓራፔቱ (ከጣሪያው ዙሪያ አጭር ግድግዳ) ሥር፣ ከፍሎር ድሬኑ (ከውሃ መውረጃው) ከንፈር፣ በደንብ ካልተጣበቀ መደራረቢያ (የሁለት ጥቅል ጠርዝ ከሚደራረብበት) ወይም ሥራው ካለቀ በኋላ ሌላ ባለሙያ ከበሳው ቀዳዳ ነው። ይህ የመጨረሻው በአዲስ አበባ ጣሪያዎች ላይ በጣም የተለመደ ነው። ዲሽ ተካዩ የእግሩን ብረት በአራት ፊሸር ሶሌታው ላይ ያስራል፣ ዙሪያውን ሲሊኮን ይቀባና ይሄዳል። ሲሊኮን ከሬንጅ ጋር በወጉ አይያያዝም፤ ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቁበት ይላቀቃል። ዲሽም ሆነ የሶላር ውሃ ማሞቂያ፣ ሜምብሬኑን ሳይበሳ በከባድ የኮንክሪት ብሎክ ላይ ታስሮ መቀመጥ ይችላል። ከብሎኩ ሥር ቁራጭ ሜምብሬን ጣል ይደረግበታል፣ በቃ። ገና ጣሪያው ሲሠራ ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ ብሎኮች አብሮ ማስቀመጥ በኋላ ከሚመጣው ድሪል ያድናል።

ስለዚህ የትኛው አገር ምርት ይሻላል ብሎ ከመከራከር በፊት ተዳፋቱን፣ ማዕዘኑንና ድሬኑን ማየት ይቀድማል። ውድ ሜምብሬን በመጥፎ ሊሾ ላይ ያፈሳል፤ መካከለኛው በጥሩ ሊሾ ላይ ዓመታት ይቆያል።

ኮርኒሱ ላይ የሚንጠባጠብበት ቦታ በቀጥታ ከቀዳዳው ሥር ነው?

አይደለም፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። ውሃ ከሜምብሬኑ ሥር አንዴ ከገባ በሊሾውና በሶሌታው መሃል ሜትሮችን ይጓዛል። ወደ ታች የሚወርደው ስንጥቅ ወይም በሶሌታው ውስጥ የተቀበረ የኤሌክትሪክ ቱቦ ሲያገኝ ነው። ሳሎን መሃል ከአምፖሉ የሚንጠባጠበው ለዚህ ነው። (እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የዚያን መስመር ብሬከር ያውርዱ፤ ባልዲው ይደርሳል።)

ቀዳዳውን ለማግኘት ከዝቅተኛው ቦታ ተነስቶ ወደ ላይ መውጣት ነው። ጣሪያው ጥቂት ቀናት ደርቆ ከቆየ በኋላ ድሬኑን ደፍነው ዙሪያውን ብቻ ጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ያቁሩ፤ ለጥቂት ሰዓታት ታች ሰው ይጠብቅ። ካልወረደ ውሃውን ወደ ሜዳው፣ ማለትም ወደ ጣሪያው ጠፍጣፋ ክፍል ያስፉ። አሁንም ካልወረደ በጎማ የፓራፔቱን ሥር፣ ቀጥሎ የፓራፔቱን አናት ያጠጡ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ካረጠቡ የትኛው እንዳፈሰሰ አይለይም።

ንፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ግድግዳውን፣ በተለይ የተሰነጠቀ የፓራፔት ልስንን ይጠርጥሩ። በበጋም የሚያፈስ ከሆነ ጣሪያው ላይ የተቀመጠው የሮቶ ቧንቧ ወይም የተንሳፋፊው መዝጊያ ችግር ነው፤ ሜምብሬን ማስነሳት አያስፈልግም።

ተዳፋቱ ስንት መሆን አለበት?

ሥራው ሲያልቅ በየ1 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሴንቲሜትር መውረድ አለበት፤ 1 በመቶ ማለት ነው። ግን በሥዕል ላይ 1 በመቶ የተባለ ሊሾ በእጅ ሲጎተት እዚህም እዚያም ዜሮ ይሆናል፤ ስለዚህ 2 በመቶ አቅዶ መጀመር ይሻላል።

ችግሩ የሚመጣው ከክብደቱ ነው። ከድሬኑ እስከ ሩቁ ጥግ 10 ሜትር ቢሆን በ2 በመቶ 20 ሴንቲሜትር ከፍታ ይፈልጋል። ድሬኑ ጋ 3 ሴንቲሜትር ቢጀምር ጥጉ ላይ 23 ይደርሳል፤ አማካዩ 13 ሴንቲሜትር ነው። የሲሚንቶ ሊሾ በኩብ 2,000 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ከ250 ኪሎ በላይ ይጫናል። ይህን መሐንዲሱ በስሌቱ ካላስገባው ሊሾው ላይ እንዲህ መከመር አይገባም። መፍትሔው ድሬን መጨመር ነው፤ ርቀቱ 5 ሜትር ሲሆን አማካዩ ወደ 8 ሴንቲሜትር ይወርዳል። ገና ሶሌታው ካልተሞላ ደግሞ ፎርምወርኩን (ኮንክሪቱ የሚፈስበትን ቅርጽ) ራሱን አዘንብሎ መሙላት ከሁሉም ይመረጣል።

ሊሾው ጥሩ መሆኑን በውሃ ልክ ብቻ አይመኑ፤ ውሃ ያፍስሱበት። ደረቅ በሆነ ቀን ከ48 ሰዓት በኋላም ኩሬ ሆኖ የሚቆይበት ቦታ ሜምብሬን ሳይለብስ በፊት መሞላት አለበት።

ሊሾው ከተሠራ በስንት ቀን ይነጠፍ?

በተለምዶ 28 ቀን ይጠበቃል፤ ውሳኔው ግን የእርጥበቱ ነው። ቀላሉ መፈተሻ ይህ ነው፦ 45 በ45 ሴንቲሜትር የሆነ ላስቲክ ሊሾው ላይ ዘርግተው አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ያሽጉ፣ ቢያንስ 16 ሰዓት ይተዉት። ሲገለጥ ከሥሩ ጤዛ ካለ ወይም ሊሾው ጠቁሮ ከታየ ገና ነው። ሁለት ሦስት ቦታ፣ አንዱን ድሬን አጠገብ ያድርጉት፤ ውሃ የሚዘገየው እዚያ ነውና።

ፕራይመር (ሜምብሬኑ እንዲይዝ አስቀድሞ የሚቀባው ቀጭን ሬንጅ) ከመቀባቱ በፊት የሚነሳ አቧራ፣ የጀሶ ቁራጭ፣ የላላ ሲሚንቶ ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ይነሳ። ፕራይመሩ በካሬ ከ0.2 እስከ 0.4 ሊትር ይበላል፤ ሻካራ ሊሾ የበለጠ ይጠጣል። በጣት ሲነካ የማይለጥፍና ሽታው የጠፋለት መሆን አለበት። በነዳጅ የቀጠነ ፕራይመር ሳይደርቅ ቶርች መለኮስ እሳት መጥራት ነው፤ ክፍት ባልዲም ጣሪያው ላይ አይቀመጥ።

ኤፒፒ ወይስ ኤስቢኤስ?

ሁለቱም የሬንጅ ሜምብሬን ዓይነቶች ናቸው፤ የተቀላቀለባቸው ነገር ይለያያል። ኤፒፒ የፕላስቲክ ባሕርይ አለው፦ ሙቀትና ፀሐይ ይችላል፣ በቶርች ሲመታ ደህና ይፈሳል። ኤስቢኤስ የጎማ ባሕርይ አለው፦ ይሳባል፣ ብርድ ላይ አይሰነጠቅም፣ ፀሐይን ግን ብዙ አይችልም፤ በጠጠር ወይም በሌላ ነገር መሸፈን አለበት።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ቀጥቃጭ ነው፣ ሌሊቷ ይበርዳል እንጂ ውሃ የሚያረጋ ብርድ ብዙ አይደለም። ጠጠር የለበሰ ኤፒፒ በቂ ነው። ደብረ ብርሃንና መሰል ደጋዎች ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ስላለ የምርቱ መግለጫ ወረቀት ላይ በብርድ መታጠፍ የሚችልበትን ዲግሪ ይመልከቱ፤ 0 ከተጻፈበት ይልቅ ከዜሮ በታች 10 የተጻፈበት ይመረጣል። ድሬዳዋና ሰመራ ላይ በተለይ በቁም የሚለጠፈው ክፍል እንዳይንሸራተት ኤፒፒ ይሁን። አንዱን በአንዱ ላይ መደራረብ ግን ተገቢ አይደለም፤ ሲቀልጡ አይዋሃዱም።

ሻጩ «4.5» ሲለኝ ሚሊሜትር ነው?

ብዙ ጊዜ አይደለም፤ በካሬ ሜትር 4.5 ኪሎ ግራም ማለቱ ነው። ጠጠር ያለው ሜምብሬን በክብደት ይሸጣል፤ ክብደቱ የጠጠሩንም ስለሚጨምር የሬንጁ ውፍረት ከ4 ሚሊሜትር በታች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ኪሎ ነው ሚሊ?» ብለው ይጠይቁ፤ ከዚያ ጠጠር በሌለው የጥቅሉ ጠርዝ ላይ በካሊፐር (በውፍረት መለኪያ) ይለኩ። ጥቅሉ 10 ካሬ ስለሆነ «4.5» የተባለው 45 ኪሎ ያህል መመዘን አለበት።

በአንድ ንብር (ንጣፍ) ብቻ የሚሠራ ከሆነ 4 ሚሊሜትር፣ ውስጡ የፖሊስተር ጨርቅ ያለው ይሁን። 3 ሚሊሜትሩ ለሁለት ንብር ሥራ የታችኛው ነው። ፋይበርግላስ ያለው ቅርጹን አይለቅም፣ ሶሌታው ሲንቀሳቀስ ግን ይቀደዳል። ፀሐይ የሚያገኘው ላይኛው ንብር ጠጠር ያለው፣ ከሊሾ ወይም ከሴራሚክ ሥር የሚውለው ለስላሳ ወይም አሸዋ የተነሰነሰበት ይሆናል።

ስንት ጥቅል ልግዛ?

አንድ ጥቅል 1 ሜትር በ10 ሜትር ነው፤ ግን 10 ካሬ አይሸፍንም። በጎን 10፣ በጫፍ 15 ሴንቲሜትር ሲደራረብ የሚቀረው ወደ 8.8 ካሬ ነው።

12 በ9 ሜትር የሆነ ጣሪያ እንውሰድ። ሜዳው 108 ካሬ ነው። ዙሪያው 42 ሜትር፤ ፓራፔቱ ላይ 25 ሴንቲሜትር ወጥቶ ሜዳው ላይ 15 ሴንቲሜትር የሚያርፍ ቁራጭ 42 በ0.40፣ ማለትም 16.8 ካሬ ይሆናል። ድምሩ 124.8፣ ለ8.8 ሲካፈል 14.2፤ 15 ጥቅል ማለት ነው። ለማዕዘንና ለድሬን ቁራጭ አንድ ጨምረው 16 ይግዙ። ፕራይመር በ0.3 ሊትር ሒሳብ 36 ሊትር ያህል ስለሚሆን ሁለት ባለ 20 ሊትር ባልዲ ይበቃል።

ጥቅሎቹን በቁም፣ ጥላ ውስጥ ያስቀምጡ። አግድም ተከምረው ፀሐይ ያገኛቸው ጥቅሎች ይደፈጠጣሉ፤ ሲዘረጉ ሞገድ ይሠራሉ፣ ሞገዱ ላይ ደግሞ መደራረቢያው አይገጥምም።

አነጣጠፉ ቅደም ተከተሉ ምንድን ነው?

መጀመሪያ ማዕዘኑ ይሰበራል። ሜምብሬን 90 ዲግሪ መታጠፍ አይወድም፤ ስለዚህ ሜዳውና ፓራፔቱ በሚገናኙበት 5 በ5 ሴንቲሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን የሲሚንቶ ሙሌት ዙሪያውን ይሠራል። ይህ የተዘለለበት ጣሪያ ላይ ሜምብሬኑ ማዕዘኑ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ሰው ሲረግጠው ይቀደዳል።

ቀጥሎ የድሬንና የማዕዘን ማጠናከሪያ ቁራጮች፣ ከዚያ ሜዳው ይነጠፋል። የሚጀመረው ከዝቅተኛው ቦታ ነው፤ የላይኛው በታችኛው ላይ ሲደረብ ውሃው መደራረቢያውን እያለፈ እንጂ እየገባበት አይወርድም። ጥቅሉ መጀመሪያ ሙሉ ለሙሉ ተዘርግቶ መስመሩ ይታያል፣ ከዚያ ግማሹ ተመልሶ ተጠቅልሎ ማቅለጥ ይጀመራል። የጫፍ መደራረቢያዎች ጎን ለጎን በአንድ መስመር አይግጠሙ፤ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይራራቁ። ሦስት ንብር በሚገናኝበት ጥግ የመሃለኛው ጠርዝ በከተር በሰያፍ ይቆረጥ፤ አለዚያ እዚያ ጋ እንደ ክር የቀጠነች ቦይ ትቀራለች።

ቶርቹ ጥቅሉ ላይና ወለሉ ላይ እየተመላለሰ ይመታል። ከሥር ያለው ስስ ላስቲክ ቀልጦ ሲጠፋና ሬንጁ ሲያብረቀርቅ ጥቅሉ ወደፊት ይገፋል፤ ከፊቱ ትንሽ የቀለጠ ሬንጅ እየገፋ መሄድ አለበት። ላስቲኩ ሳይቀልጥ የተለጠፈ ሜምብሬን አልተጣበቀም ማለት ነው። ከመጠን በላይ የተመታው ደግሞ ጭስ ያወጣል፣ የውስጡ ጨርቅ ይታያል፣ ይኮማተራል። መደራረቢያው ላይ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር የሚሆን ሬንጅ ጠርዙን አልፎ መውጣት አለበት። ምንም ካልወጣ ሙቀቱ አንሷል። ጠጠር ባለው ጫፍ ላይ ሲደረብ ጠጠሩ መጀመሪያ በቶርች ተመትቶ በግንበኛ ማንኪያ ወደ ሬንጁ ይሰጥማል፤ በደረቅ ጠጠር ላይ የተለጠፈ ጫፍ በእጅ ይነሳል።

ፍሎር ድሬኑ ጋ ለምን ሁልጊዜ ያፈሳል?

የፒቪሲ ቱቦና እሳት ስለማይስማሙ። ቶርቹ ቱቦው አፍ ላይ ሲጠጋ ፒቪሲው ይጣመማል፣ በቱቦውና በሊሾው መሃል ክፍተት ይፈጠራል፣ ላይ ላዩን ሜምብሬን ለብሶ አይታይም። የመጀመሪያው ክረምት ያሳየዋል።

ትክክለኛው አሠራር የድሬኑ ዙሪያ ከሜዳው 1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ብሎ 50 በ50 ሴንቲሜትር ጎድጎድ እንዲል ማድረግ ነው። እዚያ ላይ ማጠናከሪያ ቁራጭ ይለጠፋል። በላዩ ሰፊ ከንፈር ያለው፣ ከሬንጅ ጋር እንዲጣበቅ የተሠራ የድሬን ቁራጭ ወይም የብረት አንገት ገብቶ ወደ ቱቦው ውስጥ ይወርዳል፤ የሜዳው ሜምብሬን በከንፈሩ ላይ ይመጣል። ማጠናከሪያው ሲለጠፍ ቱቦው በእርጥብ ጨርቅ ይታፈን፣ እሳቱም ከድሬኑ ወደ ውጭ ይዙር።

አንድ ድሬን ብቻ ያለው ጣሪያ አደጋ ላይ ነው። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ 1 ሊትር ነው፤ 40 ሚሊሜትር የጣለ ዝናብ 100 ካሬ ጣሪያ ላይ 4,000 ሊትር ያወርዳል። በረዶ ወይም ቅጠል ድሬኑን ከደፈነው 4 ቶን ውሃ የሚሄድበት የለም። ሁለት ድሬን፣ በላዩም ፓራፔቱን በስቶ የሚወጣ የትርፍ ውሃ መውጫ ይኑር። መውጫው የሜምብሬኑ ጫፍ ከሚያልቅበት ከፍታ በታች መሆን አለበት።

ፓራፔቱ ላይ እስከ የት ይውጣ?

ካለቀለት ወለል በላይ ቢያንስ 15 ሴንቲሜትር። ሴራሚክ የሚነጠፍ ከሆነ የሚለካው ከሴራሚኩ ነው፤ ይህ ስለሚረሳ 20 ሴንቲሜትር የወጣው ሜምብሬን መጨረሻ ላይ 8 ሆኖ ይገኛል። ጫፉ ክፍት አይተው፦ ወይ በግድግዳው ላይ በተቆረጠ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ጥልቀት ባለው መስመር ገብቶ ይደፈን፣ ወይ በአሉሚኒየም ጠፍጣፋ ዘንግ በየ20 እስከ 30 ሴንቲሜትሩ ታስሮ ላይኛው ጠርዙ በማሸጊያ ይሞላ። በልስን ላይ ሳይሆን በኮንክሪቱ ወይም በብሎኬቱ ላይ ይለጠፍ፤ ልስኑ ሲላቀቅ ሜምብሬኑን ይዞ ይሄዳል።

ጣሪያዬ ኢጋ ቆርቆሮ ነው፤ የሚያፈሰው ግን ከፓራፔቱ ጀርባ ያለው የኮንክሪት አሸንዳ ነው። እሱስ?

ከመንገድ ሲታዩ ጠፍጣፋ የሚመስሉ ብዙ ቤቶች እንዲህ ናቸው። አሸንዳው ጠባብ ስለሆነ ሰው ቶርች ይዞ በደንብ አይገባበትም፤ ሥራው የሚበላሸውም ለዚህ ነው። ቆርቆሮው ሳይለብስ በፊት አሸንዳውን መጨረስ ዋናው ነገር ነው። ሜምብሬኑ በአንድ በኩል ፓራፔቱን፣ በሌላ በኩል ከቆርቆሮው ሥር እስከ ሞራሌው ይውጣ፤ ቆርቆሮው ደግሞ ወደ አሸንዳው ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ይግባ። ቆርቆሮው ከተመታ በኋላ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ቆርቆሮዎች ማንሳት ግድ ነው። የእንጨት ሞራሌ አጠገብ እሳት አይጠቀሙ፤ እዚያ በብሩሽ የሚቀባ ቀዝቃዛ የሬንጅ ውሃ መከላከያ ከጨርቅ ማጠናከሪያ ጋር ይሻላል።

ሜምብሬኑ አበጠ። ልበሳው?

ከሥሩ የቀረ እርጥበት በፀሐይ ተንፍሶ ነው። ትንሽ፣ ጠንካራና መደራረቢያውን ያልነካ እብጠት ቢተውም ግድ የለም፤ መብሳት ያባብሰዋል። እየሰፋ ከሄደ ወይም መደራረቢያ ከነካ በመስቀል ቅርጽ ተቆርጦ አራቱ ክንፍ ይገለበጣል፣ ይደርቃል፣ ፕራይመር ተቀብቶ ተመልሶ ይለጠፋል። በላዩ ከቁርጡ በየአቅጣጫው 15 ሴንቲሜትር የሚያልፍ፣ ማዕዘኑ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ ቁራጭ ይደረብበታል። ሹል ማዕዘን ያለው ቁራጭ ከጫፉ መነሳት ይጀምራል።

በርሜል ውስጥ የቀለጠ ሬንጅ ብቻ ማፍሰስ አይበቃም?

ለጊዜው ይደፍናል። ጨርቅ የሌለው ሬንጅ ግን በፀሐይ ይደርቃል፣ እንደ አዞ ቆዳ ይሰነጣጠቃል፤ ሶሌታው የተሰነጠቀበት ቦታ ላይ አብሮ ይሰነጠቃል። ለመንገድ የሚውለው ሬንጅ ደግሞ ለጣሪያ አይሆንም፤ ለስላሳ ስለሆነ በሙቀት ይፈሳል። በተጨማሪ፣ በኋላ ሜምብሬን ማልበስ ሲፈለግ ይህ ሁሉ መፋቅ አለበት፤ አድካሚ ሥራ ነው።

አደጋውም ቀላል አይደለም። በርሜሉ ውስጥ ጥቂት ውሃ ከገባ ሬንጁ አረፋ ሆኖ ገንፍሎ ይወጣል። የተቀጣጠለ በርሜል ላይ ውሃ አይደፋም፤ በክዳን ይታፈን፣ በደረቅ ዱቄት ማጥፊያ ይጥፋ። ሰው ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ ቢያንስ 20 ደቂቃ ያቀዝቅዙ፤ ቆዳው ላይ የተጣበቀውን ሬንጅ ለመላጥ ወይም በቤንዚን ለማንሳት አይሞክሩ፣ ሐኪም ጋ ይሂዱ። በቶርች ሥራም ሲሊንደሩ በቁም ይቁም፣ ማጥፊያው ከእጅ አይራቅ፤ የመጨረሻው እሳት ከጠፋ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ሰው ጣሪያው ላይ ይቆይ።

በክረምት ማሠራት ይቻላል?

አይመከርም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይሻላል፤ የበልግ ዝናብ ሳይመጣ ይጠናቀቃል። ሰኔ ላይ የሚያፈስ ከሆነ ቦታውን ብቻ በጊዜያዊነት ደፍነው ዋናውን ለጥቅምት ያቆዩት። ሁለት ሰዓት ፀሐይ ስለወጣ ብቻ እርጥብ ሊሾ ላይ የተለጠፈ ሜምብሬን በመጪው በጋ ያብጣል።

በላዩ ልብስ ማስጫ፣ ሮቶ፣ ጄኔሬተር ማስቀመጥስ?

ሰው የሚመላለስበት ጣሪያ ከሜምብሬኑ በላይ መከላከያ ይፈልጋል፦ መለያ ላስቲክ ወይም ጨርቅ፣ በላዩ በየ2 እስከ 3 ሜትሩ የተከፋፈለ ሊሾ ወይም ሴራሚክ። የሮቶው መቆሚያ ከሜምብሬኑ በፊት መገንባት አለበት፤ ብረቱ እግር በቀጥታ ሜምብሬን ላይ ከቆመ ሙሉ ታንከር ሲሆን ይሰረጉዳል። ናፍጣና የወጥ ቤት ጭስ ማውጫ የሚያንጠባጥበው ቅባት ሬንጅን ያሟሟሉ፤ ከጄኔሬተሩ ሥር የብረት ትሪ ይኑር።

ሥራውን ስረከብ ምን ልፈትሽ?

የመጀመሪያው ክፍያ ሳይሆን የመጨረሻው ክፍያ በውሃ ፈተና ላይ እንዲንጠለጠል ውሉ ላይ ያስጽፉ። ድሬኖቹ ተደፍነው ጣሪያው ላይ ከ2.5 እስከ 5 ሴንቲሜትር ውሃ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። 5 ሴንቲሜትር ውሃ በካሬ 50 ኪሎ ነው፤ ተዳፋቱ ሲጨምር ድሬኑ አካባቢ ጥልቀቱ ስለሚበልጥ ጣሪያውን ከፋፍሎ መሙላት ይሻላል። ፈተናው ከሴራሚኩ በፊት መሆን አለበት። ውሃው ሲለቀቅ ቀስ ተብሎ፣ አንድ ድሬን በአንድ ጊዜ ይከፈት።

ከፈተናው በፊት መደራረቢያዎቹን በግንበኛ ማንኪያ ጫፍ እየጎበኙ ይሂዱ። ማንኪያው የሚገባበትን ቦታ በጠመኔ ያክብቡ፤ ባለሙያው እዚያው ቆሞ በቶርች ይዝጋው።